የስድስት ሰዓት ሳይረን

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ነው፤ ውርጩ ገና አልለቀቀ፣
ከፋብሪካው ቆርቆሮ ላይ እንደ ጨው የደቀቀ።
ሱፍ አበጥራለሁ እኔ፤ ማሽኔ ቁጥር ሰባት፣
ጥርሷ የበዛ፣ ድምጿ የከፋ፣ ዘይት የማይበቃት።
የመንዝ በግ የጣለው ሱፍ፣ ጭቃና እሾህ እንደያዘ፣
ለሰው ብርድ ልብስ ሊሆን በእጄ አለፈ፣ ተጓዘ።

ዓመት ሙሉ፣ ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር በስድስት፣
የጎረቤቴ ልጅ ናሁሰናይን አዝላ ትቆም ነበር ከበሩ ፊት።
ከዘበኛው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሳጠባው፣
ከጸጉሬ ሱፍ እየለቀመ ያይ ነበር፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው።

ከዚያ ኪራይ ጨመረ።
አዝላው የምትመጣዋም ቤሩት ሄደች፤ በር በሩን ማየት ቀረ።
ጡቴን እሬት ቀባሁት። ቀመሰ። አየኝ። ዞረ።
ሰላ ድንጋይ፣ ከእህቴ ቤት፣ ከድንቅነሽ ጋር አደረ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ።
እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት ልጄን አላሰብኩትም፣
የተቋጠረ ሱፍ ነበር ከፊቴ፤ ሌላ አልታየኝም።
ሳይረኑ ጮኸ።
መጀመሪያ ውጋት መጣ፣ እንደ መርፌ፣ ከብብቴ፣
ከዚያ ሁለት እርጥብ ክብ በጋውኔ ላይ፣ በደረቴ፣
ሰው እንደጠፋበት ዓይን።
ሴቶቹ አዩ፣ ዝም አሉ። አለቃችን ሸዋንግዛው መዝገብ ማንበብ ጀመረ፣
መዝገቡ ተዘቅዝቆ ነበረ።

"ከአንጎልሽ ሥር፣" አለችኝ ሲስተር እታፈራሁ፣ ካርዴን እየጻፈች፣
"አተር የምታክል እጢ አለች፣ እንደ ፍሬ የተንጠለጠለች።
ኦክሲቶሲን ታፈስሳለች፤ ሆርሞን ነው፤ በደም ይወርዳል፣
ከጡትሽ ሲደርስ ቧንቧውን ጨምቆ ወተቱን ይሰዳል።
ድሮ የልጁን አፍ ነበር የምትጠብቀው፤ አሁን ሳይረኑን ተማረች፣
ማንም ፊደል አላስቆጠራት፤ ደጋግማ ሰምታ ነው ያወቀች።
እዚያው አንጎል ውስጥም ይሠራል፤ ፍርሃት የሚያድርበትን ጓዳ ያለዝባል፤
በስድስት ሰዓት ዕዳሽን ረስተሽ አታውቂም? ለዚያም ይሆናል።"

አስታወስኩ። በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ
ኪራይ አስቤ አላውቅም።

"ትተወዋለች?"
"ትተወዋለች። ሳይረኑ ጮኾ ልጁ ሲቀር፣
ዛሬም ሲቀር፣ ነገም ሲቀር፣
ውሸት መሆኑን ትለምዳለች። ደስ ይበልሽ።"

ደስ አላለኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣
ከማሽኔ ጥርስ ሥር ትንሽ ነጭ ሱፍ እነጫለሁ፣
በምራቄ አድበልብዬ ሁለት ጆሮዬን እደፍናለሁ።
ሸዋንግዛው ይስቃል፤ "ሰባት ቁጥር አደነቆረችሽ?"
አዎ፣ እለዋለሁ።

አንቺን ነው የምደብቅሽ፣ አንቺ አተር፣ አንቺ የዋህ፣
ውሸቱ እንዳይደርስሽ፣ ባዶ በር እንዳታይ።
እሬት የቀባሁት ጡቴን ነው፤ አንቺን አልቀባሁሽ፣
ልጄን የሸኘሁትም እኔ ነኝ፤ ላንቺ ማን ነገረሽ?
ስንቁን የቋጠረ እጄ ያውቃል፤ መኪናውን ያየ ዓይኔ ያውቃል፤
ከቤቱ ሰው አንድ እንኳ ሳያውቅ ቢቀር ምን ይጎድላል?

ታኅሣሥ ገባ። የገና ፈቃድ ተጻፈልኝ።
ድንቅነሽ ደወለች፤ "እማ ይለኛል፤ አትቀየሚኝ።"
"ይበላል ወይ?" አልኳት።
"ይበላል።" ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ተቆርጧል የነገ ትኬቴ፣
ጉም ጣርማ በር ላይ ካልያዘን፣ እዚያው ሰላ ድንጋይ ነው እራቴ።
ዛሬ ሱፉን ከጆሮዬ አወጣሁ። ማሽኗን አቆምኩ።
ሳይረኑ ጮኸ፣ ረጅም፤ እስኪያልቅ ድረስ ቆምኩ።

ቀኙ ዝም።
ግራው፣ ዘግይቶ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ከወጣ በኋላ፣
አንድ ጠብታ።